በምርቃት ስም

ገበያ ወርዶ ሽንኩርት የገዛ ሰው ምርቃት ምን እንደሆነ ያውቃል። ሻጯ መዝና ከጨረሰች በኋላ እጇን ሰደድ አድርጋ ሁለት ሦስት ራስ ጣል ታደርግለታለች። ያቺ ጭማሪ ዘንቢል ውስጥ ከገባች የገዢው ናት። ወጥ ይሥራባት፣ ለጎረቤት ይስጣት፣ ማንም አይጠይቀውም። «መጀመሪያ ሠላሳ አምስት ጊዜ ከእኔ ካልገዛህ እንዳትከትፋት» የምትል ሻጭ ብትኖር ገበያው ሁሉ ይስቅባት ነበር።

የኦንላይን ካዚኖ «የእንኳን ደህና መጡ ቦነስ» የሚለው ግን ይህንኑ ነው። የሚስቅበት ሰው ጥቂት ነው እንጂ።

ማስታወቂያው አጭር ነው፦ «100 ፓውንድ ያስገቡ፣ 100 ፓውንድ እንጨምርልዎታለን»። ከሥሩ፣ ስልኩን ዓይን ላይ ካልለጠፉት በማይነበብ ፊደል፣ «35 እጥፍ» የምትል ነገር አለች። አጠገቧ ደግሞ «ውልና ሁኔታዎች» ትላለች፤ እሷን የነካ ሰው ጣቱ እስኪደክም ወደ ታች የሚሳብ ጽሑፍ ይከፈትለታል። ፓውንድ ያልኩት ምሳሌዬን ከብሪታንያ፣ ያውም ከ2026 (እ.ኤ.አ.) በፊት ከነበረው ውል ስለወሰድኩ ነው። ቁማር እዚያ በሕግ ፈቃድ የሚሠራ ንግድ ነው፣ ካዚኖውም ስልክ ውስጥ ከገባ ቆይቷል፤ የመንግሥት ተቆጣጣሪዎችም ከዚህ ቦነስ ጋር ለዓመታት ሲታገሉ ኖረዋል። እዚያ የሚኖሩ የእኛ ሰዎችም ከማስታወቂያው አያመልጡም።

እርሳስ እናንሣ። 35 እጥፍ ማለት ቦነሱ ወደ ጥሬ ገንዘብ ተለውጦ ከመውጣቱ በፊት 35 ጊዜ 100፣ ማለትም 3,500 ፓውንድ መወራረድ አለበት ማለት ነው። 3,500 ፓውንድ ከኪስ ይውጣ አይደለም። ያው ገንዘብ ነው የሚገላበጠው። አንድ ፓውንድ አስይዘው ስሎት የሚባለውን የማሽን ጨዋታ አንድ ጊዜ ካሽከረከሩ፣ ቢበሉም ቢበሉዎም፣ ከግዴታው ላይ አንድ ፓውንድ ተቀነሰ ይባላል። ከዚያ ሌላ አንድ። ከዚያ ሌላ።

ስሎቶች ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ለተጫዋች የሚመለስ ድርሻ 96 በመቶ አካባቢ ነው። ከተወራረደው 100 ፓውንድ ውስጥ 96ቱ በረጅሙ ሲታይ በሽልማት መልክ ለተጫዋቾች ይመለሳል፣ 4ቱ ለቤቱ፣ ማለትም ለካዚኖው ይቀራል። «96 በመቶ» ሲባል ጆሮ ደስ ይለዋል፤ ብዙ ሰው ካስገባሁት 100 ፓውንድ 96ቱን ይዤ እወጣለሁ ብሎ ይተረጉመዋል። አይደለም። 4 በመቶው የሚቆረጠው ካስገቡት ላይ ሳይሆን ካገላበጡት ላይ ነው። 3,500 ሲገላበጥ 4 በመቶው 140 ፓውንድ ይሆናል።

100 ፓውንድ ስጦታ ለመቀበል በአማካይ 140 ፓውንድ! በ200 ፓውንድ የጀመረ ሰው ግዴታውን ሲጨርስ በአማካይ ሒሳብ እጁ ላይ የሚቀረው 60 ነው፤ ከራሱ መቶ 40 ጎድሎበታል። ቦነሱን አልፈልግም ብሎ ያንኑ የራሱን 100 ፓውንድ አንድ ጊዜ ብቻ አገላብጦ ቢወጣ ኖሮ በአማካይ የሚያጣው 4 ፓውንድ ነበር።

አማካይ ነው ያልኩት ልብ ይባል። አንዱ ሁለት እራት በልቶ ሌላው ጦሙን ቢያድር፣ አማካዩ ሁለቱም እራታቸውን በልተዋል ይላል። ስሎትም እንደዚሁ ነው። አንዱ በአንድ ማሽከርከር ብዙ ይዝቃል፣ ሌላው ገና ግዴታው ሳይጋመስ ገንዘቡ አልቆ ባዶ ስክሪን ያያል። ለዚያኛው ካዚኖው ከኪሱ የከፈለው ምንም የለም። ስጦታው ከተሰጠበት ቤት ሳይወጣ እዚያው ተመልሶ ገብቷል።

እስካሁን የቆጠርነው የሚሻለውን ውል ነው። ሌሎች ውሎች እጥፉን የሚያሰሉት በቦነሱ ላይ ብቻ ሳይሆን በቦነሱና በራስዎ ገንዘብ ድምር ላይ ነው። ማስታወቂያው ላይ ቁጥሩ ያው 35 ነው። ግዴታው ግን 35 ጊዜ 200፣ ማለትም 7,000 ፓውንድ ሆነ። 4 በመቶው 280 ነው፤ እጅዎ ላይ ያለው ደግሞ 200። በአማካይ ግዴታው ሳያልቅ ገንዘቡ ያልቃል ማለት ነው። ልዩነቱን የምታመጣው «ተቀማጭና» የምትል አንዲት ቃል ናት። አንድ ምሽት ሻይ አጠገቤ አድርጌ እንዲህ ያለ ውል ሳነብ፣ ያቺን ቃል ያገኘኋት ሻይዬ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

ጊዜም ዋጋ ነው። የብሪታንያ ሕግ ከ2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በኦንላይን ስሎት አንድ ዙር ከ2.5 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ እንዳያልቅ ከልክሏል። ይህን ዝቅተኛ ጊዜ ይዘን በአንድ ፓውንድ ብናሽከረክር 3,500 ዙር ውኃ እንኳ ሳይጠጡ ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል ይወስዳል፤ 7,000ው ወደ አምስት ሰዓት ይጠጋል። እንደ ሰው እያረፈ፣ ስልክ እያነሣ ለሚጫወት ደግሞ እጥፍ ይሆናል። ቀነ ገደብም አለው፣ እንደ ውሉ 7 ቀን ወይም 30 ቀን። ቀኑ ካለፈ ቦነሱ ከነትርፉ ይሰረዛል። ከሥራ መልስ ትንሽ ልዝናና ብሎ የገባ ሰው፣ ሳያውቀው የሌሊት ፈረቃ ተቀጥሯል።

«እሺ፣ ስሎቱን ትቼ የቤቱ ድርሻ ትንሽ የሆነበትን ጨዋታ ልጫወት» የሚል ብልህ አይጠፋም። ትክክል ነው፤ ብላክጃክ በሚባለው የካርታ ጨዋታ ስሌቱን ጠንቅቆ በሚጫወት ሰው ላይ የቤቱ ብልጫ ወደ ግማሽ በመቶ ይወርዳል። ኳስ በመሽከርከሪያ ላይ በሚጣልበት፣ 37 ቁጥር ባለው የአውሮፓው ሩሌት ደግሞ 2.7 በመቶ ነው። ውሉ ግን ይህን ሰው ቀድሞ ያውቀዋል። ስሎት ላይ የተወራረዱት ፓውንድ ሙሉ ይቆጠራል፣ ብላክጃክ ላይ የተወራረዱት ግን ብዙ ጊዜ 10 በመቶው ብቻ፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይቆጠርም። በ10 በመቶ ሲሰላ 3,500ውን ለመሙላት 35,000 ፓውንድ ማገላበጥ ያስፈልጋል። የዚያ ግማሽ በመቶ 175 ፓውንድ ነው። ብልሁ ከሞኙ ይበልጥ ከፈለ።

ይህ የውሉ አንቀጽ ዝም ብሎ የተጻፈ አይደለም፤ ታሪክ አለው። ካዚኖዎቹ ወደ ኢንተርኔት የወጡት በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ቦነሶች ግዴታቸው ቀላል ነበር። ያኔ እርሳስ ይዘው የተቀመጡ ተጫዋቾች፣ ብላክጃክ እየተጫወቱ ግዴታውን በትንሽ ኪሳራ ጨርሰው፣ ቦነሱን በኪሳቸው ከትተው ወደሚቀጥለው ካዚኖ ይሄዱ ነበር። ቦነስ አዳኞች ይሏቸዋል። ዛሬ ውሉ ውስጥ ካሉት ክልከላዎች ብዙዎቹ የእነዚያ ሰዎች ጠባሳ ናቸው። ሩሌት ላይ ቀይና ጥቁሩን አንድ ላይ ማስያዝ ክልክል ነው ከተባለ፣ አንድ ሰው ሠርቶበት ያውቃል ማለት ነው። በተወሰኑ የኤሌክትሮኒክ የገንዘብ ቦርሳዎች ያስገባ ቦነስ አይገባውም ከተባለም እንዲሁ። እኔ በበኩሌ ካዚኖው ራሱን መከላከሉን አልነቅፍም። የምነቅፈው ከአዳኞቹ ጋር ለመዋጋት የተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ የሚወድቀው ተራው መንገደኛ መሆኑን ነው፤ አዳኙማ ውሉን አንብቦታል።

ከእነዚህ ጉድጓዶች ክፉው የአንድ ዙር ውርርድ ጣሪያ ይመስለኛል። ቦነሱ እስካለ ድረስ በአንድ ዙር ከ5 ፓውንድ በላይ ማስያዝ አይቻልም ይላል ውሉ። በብሪታንያ ስሎቶች ግን እስከ 2025 ድረስ ማሽኑ ሁልጊዜ አይከለክልዎትም ነበር። ጣትዎ ስቶ አንድ ጊዜ 6 ፓውንድ ቢነካ ጨዋታው ይቀጥል፣ መብራቱም ይበራ፣ ሙዚቃውም ይዘፍን ነበር። ጥፋቱ የሚነገርዎ አሸንፈው ገንዘቡን ለማውጣት የጠየቁ ዕለት ነበር። በዚያው ዕለት ነው ከቦነስ ማውጣት የሚቻለው ከዚህ መጠን አይበልጥም የሚለው ጣሪያ የሚታየው። ነጻ ዙር የሚባለውም ስጦታ አብዛኛውን ጊዜ ትርፉ ራሱ ቦነስ ተብሎ ይመዘገብና እንደ አዲስ ማገላበጥ ይጀመራል።

አንድ ጊዜ ደግሞ የራስ ገንዘብ ሳይቀር ይታሰር ነበር። ቦነስ የተቀበለ ተጫዋች፣ ሐሳቡን ቀይሮ ያስገባሁትን መልሱልኝ ቢል፣ መጀመሪያ ግዴታህን ጨርስ ይባል ነበር። የብሪታንያ የውድድርና ገበያዎች ባለሥልጣን በ2016 (እ.ኤ.አ.) ምርመራ ከፈተ። በየካቲት 2018 ላድብሮክስ፣ ዊልያም ሂልና ፒቲ ኢንተርቴይንመንት የተባሉት የቁማር ድርጅቶች ተጫዋቹ የራሱን ገንዘብ ለማውጣት ደጋግሞ እንዲጫወት ላለማስገደድ፣ ገደቦቹንም በግልጽ ለማሳየት ቃል ገቡ።

እጥፉ ራሱ ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ጣሪያ አልነበረውም። የአገሪቱ የቁማር ኮሚሽን ከጥር 19 ቀን 2026 ጀምሮ ከ10 እጥፍ በላይ ማገላበጥ እንዳይጠየቅ ደንግጓል። ስሎት ለመጫወት መጥተው ስፖርት እንዲወራረዱ የሚያስገድዱ ድብልቅ ስጦታዎችንም ከልክሏል። የእኛን ምሳሌ በአዲሱ ደንብ እናስላው፦ 10 ጊዜ 100 አንድ ሺህ፤ 4 በመቶው 40 ፓውንድ። በምሳሌያችን ለመጀመሪያ ጊዜ ስጦታው ከዋጋው በለጠ። በአንድ ቁጥር ለውጥ ይህን ያህል ልዩነት መምጣቱ፣ ነገሩ ሁሉ የተደበቀው በማባዣዋ ውስጥ እንደነበር ያሳያል። ይህ የሚሠራው ግን የብሪታንያ ፈቃድ ላላቸው ብቻ ነው። ፈቃዱን ከሌላ ደሴት አምጥቶ በዚያው ስልክ ላይ ለሚታየው ካዚኖ አይሠራም፤ እዚያ 50 እጥፍም 60 እጥፍም ሊጠየቅ ይችላል።

ሌሎች አገሮች ደግሞ ሌላ መንገድ ሞክረዋል። ስዊድን ከ2019 መግቢያ ጀምሮ አንድ ድርጅት ለአንድ ተጫዋች ቦነስ መስጠት የሚችለው አንድ ጊዜ፣ መጀመሪያ ሲጫወት ብቻ ነው ብላለች። ስፔን በ2020 አዲስ ደንበኛ መሳቢያ ቦነስን ከልክላ ነበር፤ በ2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ ያንን ክልከላ ሻረው።

ስለ አስተዋዋቂዎቹም አንድ ነገር ልበል። «ምርጥ 10 ቦነሶች» እያሉ የሚያነጻጽሩ ገጾች ገለልተኛ መካሪ ይመስላሉ። ብዙዎቹ የሚከፈላቸው በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ ባመጡት ሰው ቁጥር፣ ወይ ያመጡት ሰው ከሚያጣው ገንዘብ ላይ በመቶኛ። በሁለተኛው መንገድ የሚከፈለው መካሪ፣ እርስዎ በከሰሩ ቁጥር እሱ ያተርፋል። እንዲህ ያለ ሰው ሽማግሌ ሆኖ ቢመጣ ማን ያስቀምጠዋል?

አገር ቤት የሚታወቀው ከካዚኖው ይልቅ የእግር ኳሱ ቤቲንግ ነው፤ ቦነሱም ከዚያው ጋር ይመጣል። እዚያ ማባዣው ሌላ መልክ አለው፦ ቦነሱን ለመጠቀም ብዙ ጨዋታ ያለበት ቲኬት መቁረጥ፣ የእያንዳንዱም ኦድ (የተያዘው ገንዘብ የሚባዛበት ቁጥር) ከተወሰነ ቁጥር እንዳያንስ ማድረግ። ቤቱ በአንድ ጨዋታ ላይ 5 በመቶ ቢይዝ፣ ባለ አምስት ጨዋታ ቲኬት ላይ ድርሻው እየተባዛ 23 በመቶ ገደማ ይደርሳል። «ብዙ ጨዋታ በቆረጥክ ቁጥር ብዙ ትበላለህ» የሚባለው ለዚህ ነው፤ በይው ማን እንደሆነ ግን አይነገርም።

ብሪታንያ ውስጥ ላለ፣ ነገሩም ከእጁ እየወጣ ለመሰለው ሰው፣ ጋምስቶፕ የሚባል በነጻ መመዝገቢያ አለ። ለስድስት ወር፣ ለአንድ ዓመት ወይም ለአምስት ዓመት ራስን ከቁማር ለማሳገድ ያስችላል፤ የብሪታንያ ፈቃድ ያላቸው የኦንላይን ቁማር ቤቶች ሁሉ እንዲቀበሉት ከ2020 ጀምሮ ግዴታ ነው። ቦነሱ ለእንዲህ ያለ ሰው አይደለም፣ በየትኛውም እጥፍ።

ሌላው አንባቢ ግን «ተቀበል» የምትለውን ከመንካቱ በፊት የካዚኖውን የእርዳታ መስመር ከፍቶ ይህን አንድ ጥያቄ ይጻፍ፦ «ይህን ቦነስ ጥሬ ገንዘብ አድርጌ ለማውጣት፣ በምጫወተው ጨዋታ ላይ በጠቅላላው ስንት ፓውንድ መወራረድ አለብኝ?» መልሱ በቁጥር ይምጣ፣ በጽሑፍ ይምጣ። ጨዋታው ስሎት ከሆነ ቁጥሩን በ4 አባዝቶ ለ100 ያካፍል፤ የሚመጣው የስጦታው አማካይ ዋጋ ነው። በቁጥር ካልመለሱለት ያስገባውን ገንዘብ በዚያው ዕለት ያውጣ።