«ለራስ ጥበቃ»

ፒያሳ ቢሮ ያላቸውን አንድ የወንጀል ጠበቃ ከያዟቸው መዝገቦች ሁሉ አንዱ እስከ ዛሬ ይከነክናቸዋል። በመዝገቡ የተከሰሰው የወርቅ ነጋዴ ሽጉጥ ሕጋዊ ነበር። የፈቃዱ ወረቀት በላስቲክ ተሸፍኖ፣ በምክንያት ቦታው «ለራስ ጥበቃ» ተብሎ ተሞልቶበት፣ ከኤግዚቢቱ ጋር በፖስታ ታሽጎ ቀረበ። በዚያ ሽጉጥ አንድም ዘራፊ አልተመታም። የተመታው በውርስ ቤት የተጣላው ታናሽ ወንድሙ ነው፤ እሑድ ከምሳ በኋላ።

አራዳ ምድብ ችሎት ደጃፍ ጊዜ ቀጠሮ የሚጠብቁ ቤተሰቦች ደጋግመው የሚነግሯቸው ነገር ያንገሸግሻቸዋል፤ «መሣሪያ ያለው ሰው አይደፈርም።»

ሌባው የታጠቀውን በምን ይለያል? በሞተር ሳይክል አልፎ ስልክ የሚመነትፍ ልጅ፣ ባለሽጉጡ እጁን ወደ ወገቡ ሳይሰድ ሥራውን ጨርሷል። ከዚያ ወዲያ መተኮስ ሌላ ጣጣ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 የሚፈቅደው እየደረሰ ያለን ወይም ሊደርስ የተቃረበን ጥቃት መመከትን ነው፤ ያውም ከአደጋው ጋር በተመጣጠነ መንገድ። በሚሸሽ ሌባ ጀርባ ላይ የተተኮሰ ጥይት እዚያ ውስጥ አይገባም። ባለንብረቱ በማግስቱ ራሱ ተከሳሽ ነው።

«አሜሪካንስ?» የሚላቸው አይጠፋም። አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ጆን ሎት እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው መጽሐፍ መሣሪያ ሲበዛ ወንጀል ይቀንሳል ብሎ ነበር። የአገሪቱ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 መረጃውን መርምሮ ለዚህ ድምዳሜ በቂ አይደለም አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ጆን ዶናሁና ባልደረቦቹ፣ መሣሪያ ይዞ መንቀሳቀስን ያቀለሉ ግዛቶች ከ10 ዓመት በኋላ የኃይል ወንጀላቸው ከ13 እስከ 15 በመቶ ከፍ ብሎ እንደተገኘ ጻፉ።

ጠበቃው የገጠሩን ሰው አይወቅሱም። ፖሊስ ጣቢያ የግማሽ ቀን መንገድ በሆነበት የጎጃም ቀበሌ ከብቱን የሚጠብቅ ገበሬ ክላሽ ቢያነግት ይገባቸዋል። አዋጅ ቁጥር 1177/2012ም መሣሪያ መያዝ የተለመደባቸውን አካባቢዎች ለይቶ ያያል። ግን ጎረቤትም ይታጠቃል። በዱላ ቢሆን በስብራት የሚያልቅ የድንበር ጠብ በጥይት ሬሳ ያወጣል፤ ደም መመለስ ይከተላል፤ ሽማግሌዎች ደም ለማድረቅ ዓመታት ይለፋሉ።

ከተማውም ሞክሮታል። በ1969 ዓ.ም. ደርግ በየቀበሌው የአብዮት ጥበቃ ጓዶችን አስታጠቀ። ነገሩ ከመክረሩ የተነሳ የአራት ኪሎውን የቀበሌ ሊቀመንበር ግርማ ከበደን በሰላማዊ ሰዎች ግድያ ደርጉ ራሱ ረሸነው። «ያማ መንግሥት ያስታጠቀው ነው» ይሏቸዋል። ጠመንጃውን ያነገተው ግን የሰፈር ሰው ነበር፤ ቂሙንም አብሮ አነገተ።

አሁን ለፈቃድ ማመልከቻ ጻፉልኝ የሚል ሲመጣ ጠበቃው ስለ ሌባ አይጠይቁትም። ቤት ውስጥ ማን አለ? ማን ይጠጣል? ከማን ጋር ክርክር አለህ? የመሳቢያው ቁልፍ ማን ጋ ነው? ደንበኛው አብዛኛውን ጊዜ ይቆጣል፤ አንዳንዱም ሰነዱን ሰብስቦ ወደ ሌላ ጠበቃ ይሄዳል።