መኪናው የሚከስረው ሲጓዝ ሳይሆን ሲቆም ነው

ከጅቡቲ እስከ ዲማ፦ የማዳበሪያ ጭነት ዋጋ የት ላይ ይጨምራል?

በሐዲስ ዓለማየሁ “ፍቅር እስከ መቃብር” ስሟ የሚነሣው የምሥራቅ ጎጃሟ ዲማ የጤፍ አገር ናት። የአካባቢው ገበሬ ሐምሌ ላይ ጤፉን ለመዝራት ዩሪያውና ኤን ፒ ኤሱ ሰኔ ሳይወጣ ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን መግባት ይኖርበታል። ማዳበሪያው ግን ከባሕር ማዶ ተገዝቶ በጅቡቲ ወደብ የሚገባ በመሆኑ፣ እስከ አዲስ አበባ ብቻ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከዚያም ዓባይን መሻገር አለበት። ስለዚህ የዲማ ገበሬ የሚከፍለው ዋጋ የሚወሰነው በዓለም ገበያ ብቻ ሳይሆን በጭነት መኪናው ውሎና አዳር ጭምር ነው።

በጭነት ሥራ ላይ የተሰማሩ ሰዎች እንደሚያውቁት የማጓጓዣ ዋጋ ሲነሣ ብዙው ነጋዴ የሚያሰላው ኪሎ ሜትር ነው። ሾፌሩና ባለንብረቱ ግን የሚቆጥሩት ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም መኪናው ለመጫንና ለማራገፍ ተራ ሲጠብቅ የሚያልፈውን ቀን ነው።

የወረፋው ምንጭ በቀላል ስሌት ይታያል። አንድ ባለተሳቢ መኪና 400 ኩንታል ይጭናል። 50,000 ቶን ማዳበሪያ የያዘ አንድ መርከብ ሲራገፍ 500,000 ኩንታል ይሆናል፤ ይህን ለማንሣት 1,250 ባለተሳቢ መኪና ያስፈልጋል። ማዳበሪያው በመርከብ የሚመጣው ብትን ሆኖ ነው። ወደቡ ላይ በ50 ኪሎ ከረጢት ይሞላል፣ ይሰፋል፣ ከዚያም ይጫናል። የመሙያው መሣሪያ ቢበላሽ ወይም የጭነት ሰነዱ ቢዘገይ መኪናው ይቆማል። በተቃራኒው መኪና ካነሰ መርከቡ ይቆማል፤ መርከብ ከውሉ በላይ ለቆመበት ቀን የሚከፈለው ቅጣት ደግሞ በውጭ ምንዛሪ ነው።

በወደቡ የሚጠብቅ ሾፌር ኑሮ ቀላል አይደለም። ሐሩሩ በበጋቸው ወራት ከ40 ዲግሪ ይበልጣል። ፒኬ 12 በሚባለው የመኪና ማቆሚያ ተራ የሚጠብቁ ኢትዮጵያውያን ሾፌሮችና ረዳቶች ከተሳቢው ሥር ምንጣፍ አንጥፈው ያድራሉ። ውኃውም ምግቡም በጅቡቲ ፍራንክ የሚገዛ ስለሆነ፣ ለአራት ቀን የታሰበ አበል ለስምንት ቀን እንዲበቃ ይገደዳሉ።

ይህ የሾፌሩ ችግር ብቻ መስሎ የሚታየው ነጋዴ ካለ ሒሳቡን ቢያየው መልካም ነው። አንድ መኪና ደርሶ መልስ በ10 ቀን ቢያጠናቅቅ በወር ሦስት ጊዜ ይመላለሳል፤ 1,200 ኩንታልም ያነሣል። በእያንዳንዱ ጉዞ 5 ቀን ወረፋ ቢጨመርበት በወር ሁለት ጊዜ ብቻ ይመላለሳል፤ የሚያነሣውም 800 ኩንታል ይሆናል። ለምሳሌ የባንክ ብድሩ፣ የመድን አረቦኑና ደመወዙ በወር 240,000 ብር ቢሆን፣ በመጀመሪያው ሒሳብ በኩንታል 200 ብር ሲደርስ በሁለተኛው 300 ብር ይሆናል። አንድ ሊትር ነዳጅ ሳይጨመር፣ አንድ ኪሎ ሜትር ሳይረዝም፣ ቋሚ ወጪው በግማሽ አደገ ማለት ነው። መንግሥት ከ2014 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ማንሣት በመጀመሩ ደግሞ የነዳጁ ሒሳብ በዚህ ላይ ተደርቧል።

ችግሩ አዲስ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት የተገዛው ስንዴና ለመኸር የሚያስፈልገው ማዳበሪያ በአንድ ወቅት ጅቡቲ በመድረሳቸው መርከቦች ባሕር ላይ ተራ መጠበቃቸው ይታወሳል። ከዚያ ወዲህ በ2009 ዓ.ም. የዶራሌ ሁለገብ ወደብ ተከፍቷል፤ የአዲስ አበባ – ጅቡቲ የባቡር መስመርም በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ጀምሯል። ይሁን እንጂ ባቡሩ ወደ ጎጃም ስለማይሄድ፣ በባቡር የመጣውም ቢሆን የዲማውን ድርሻ ከመኪና አያላቅቀውም።

መኪናው ከወደብ ከወጣ በኋላም መቆሙ አያበቃም። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የዓባይ በረሃ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ 400 ኩንታል የጫነ መኪና ቁልቁለቱን በሞተር ጉልበት ተይዞ፣ ዳገቱን በከባድ ማርሽ እያቃሰተ ነው የሚያልፈው። በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተከፈተው 303 ሜትር ርዝመት ያለው የሕዳሴ ድልድይ መሻገሪያውን አቃልሏል፤ ዳገቱ ግን እንዳለ ነው። ከዚህም በላይ በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. ክረምት ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ መንገድ በተዘጋ ቁጥር መኪናዎች ጭነታቸውን እንደያዙ ለመቆም ተገደዋል። የሾፌሩ ሕይወትም ለአደጋ ተጋልጧል። ይህ ስጋት ወደ ጎጃም የሚሄድ ጭነት ዋጋ ላይ እንደሚታይ ደላላ ሁሉ ያውቀዋል።

ከዩኒየን መጋዘን ሲደረስ ደግሞ ሌላ ወረፋ አለ። 400 ኩንታል ማለት 800 ከረጢት ነው፤ የሚራገፈውም በሰው ትከሻ ነው። ጫኝና አውራጁ በዋጋ ካልተስማማ፣ ዝናብ ከጣለ፣ ወይም መጋዘኑ ከሞላ መኪናው ሸራውን እንደለበሰ ያድራል። የጎደለና የራሰ ከረጢት ከተገኘ ዕዳው ብዙውን ጊዜ በሾፌሩ ወይም በባለንብረቱ ላይ ይወድቃል። ከዩኒየኑ ወደ ገበሬው ማኅበር የሚወስዱት ትናንሽ አይሱዙዎችም እንደገና ጭነት፣ እንደገና ማራገፍ ይጠብቃቸዋል።

የመልስ ጭነቱ ነገር ለብቻው የሚታይ ነው። የጎጃም ጤፍ ለአዲስ አበባ እህል በረንዳ ይፈለጋል፤ ባለተሳቢው ደግሞ ባዶውን መመለስ አይፈልግም። ሁለቱ ግን በቀላሉ አይገናኙም። ምክንያቱም የቢቸና አካባቢ የእህል ነጋዴ ጤፉን ከየገበያው ጥቂት ጥቂት ኩንታል እየለቀመ ስለሚሰበስብ፣ 400 ኩንታል በአንድ ቀን ማዘጋጀት ይከብደዋል። ስለዚህ ጤፉ በአይሱዙ ይሄዳል፤ ባለተሳቢውም ወደ ወደቡ ተራ ለመድረስ ሲል ባዶውን ዓባይን ይወርዳል። የባዶው ጉዞ ወጪ የሚካካሰው ማዳበሪያው በተጫነበት ዋጋ ነው።

የማዳበሪያ መዘግየት መዘዙ ከገንዘብ ያልፋል። በ2015 ዓ.ም. የዘር ወቅት የአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያ አጣን ብለው አደባባይ መውጣታቸው አይዘነጋም። ሰኔ ያልደረሰ ማዳበሪያ ለዚያ ዓመት ጤፍ የሚሰጠው ጥቅም አነስተኛ ነው፤ ጉድለቱም በታኅሣሥና በጥር እህል በረንዳ ላይ በዋጋ ይታያል።

ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የጭነት ዋጋ ከመንግሥት ታሪፍ ወጥቶ ለገበያ የተለቀቀ እንደመሆኑ፣ የቆመበት ቀን ዋጋም በውል ሊታሰር ይችላል። በስንት ቀን ውስጥ እንደሚጫንና እንደሚራገፍ፣ ካለፈ በቀን ስንት እንደሚከፈልና ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ የተጻፈበት ውል፣ መዘግየቱን ላመጣው ወገን ያስከፍላል። አሁን ባለው ልማድ የሚከፍለው ከሁሉም ያነሰ ድርሻ ያለው ሾፌርና ከሁሉም የራቀው የዲማ ገበሬ ነው። ለዚህ መስመር መኪና የሚገዛ ባለሀብትም ስለ ሞተሩ ጉልበት ከመጠየቁ በፊት፣ ያለፈው ጉዞ ስንት ቀን በመቆም እንዳለፈ ሾፌሮችን ቢጠይቅ ሒሳቡን በትክክል ያገኘዋል።