‹‹ክፍት ምንጭ›› ስለሚባለው ስያሜ

ጤና ሚኒስቴር በ2010 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ ማዋል የጀመረው ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 የተባለው የጤና መረጃ ሶፍትዌር ሐሳቡ ከደቡብ አፍሪቃ የፈለቀ፣ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲም ያሳደገው ነው። የተጻፈበትን ኮድ ማንም ሊያነበው፣ ሊያሻሽለውና ያለ ክፍያ ሊገለገልበት ይችላል። (ጳጉሜን ያለበትን የእኛን ዘመን አቆጣጠርም ይቀበላል።) ለእንዲህ ያለው ሶፍትዌር ተርጓሚዎች ‹‹ክፍት ምንጭ›› የሚል አቻ ሰጥተውታል። ቃል በቃል የተመለሰ ስለሆነ እንከን የለበትም የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን ሊታረም ይገባዋል እንላለን።

ስያሜውን ይዘን ወደ ላስታ እንውጣ። በላሊበላ ዙሪያ ባሉት ቀበሌዎች ምንጭ ማለት በመጀመሪያ ውኃ የሚቀዳበት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ምንጭ መጎልበት፣ ከከብትና ከጎርፍ መጠበቅ እንዳለበት ታስተምራለች። ለእርስዋ ክፍት ምንጭ የበሽታ መነሻ ነው። ‹‹የቀበሌሽ መረጃ በክፍት ምንጭ ይተላለፋል›› ቢሏት ምን ትረዳለች?

ይህ ብቻ ቢሆን በፈገግታ ባለፍነው ነበር። የከፋው ግን ስያሜው ክፍት የሆነው ነገር ምን እንደሆነ አለመናገሩ ነው። ክፍቱ የሶፍትዌሩ ኮድ እንጂ የታማሚው ምስጢር አይደለም። ጤና ጣቢያ ወደ ወረዳ የሚልከው ወርኃዊ ሪፖርት የተከተቡ ሕፃናት ስንት፣ በሳንባ ምች የታከሙ ስንት የሚል ድምር ነው፤ በስም የተያዘው ማኅደር ግን ለተፈቀደለት ባለሙያ ብቻ የሚገለጥ መሆን አለበት። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት እንደ ላሊበላ ባለ ከተማ ‹‹መረጃው ክፍት ነው›› ብሎ የተረዳ ሰው የኤች.አይ.ቪ. ምርመራውን ሊያስቀር ይችላል።

ስለዚህ ‹‹ኮደ ክፍት›› የሚለውን እናቀርባለን። አሠራሩ እንደ ‹‹ልበ ሙሉ››ና እንደ ‹‹እጀ ሰፊ›› ሲሆን ክፍት የሆነውን ነገር በስሙ ይጠራል። በባዕድ ቃል መጨረሻ ያለው ሳድስ ወደ ግዕዝ ሲለወጥ ጆሮን ይጎረብጥ ይሆናል፤ ቢሆንም ከማሳሳት መጎርበጥ ይሻላል።

መረጃን ‹‹ማካፈል›› የሚሉትንም አንደግፍም። እንጀራውን ያካፈለ ሰው ጎዶሎ ይቀረዋል፤ ቁጥሩን ለወረዳው የላከ ጤና ጣቢያ ግን ምንም አይጎድልበትም። ‹‹ማጋራት›› ይበቃል።

ሁለት ሶፍትዌሮች አንዱ የሌላውን መረጃ ተቀብሎ መረዳት ሲችል ‹‹ተናባቢ›› መባላቸው ግን እጅግ የሰመረ ነው። ቃሉ የሰዋስው ቃል ነው፦ ‹‹ቤተ ጊዮርጊስ›› ስንል ሁለቱ ስሞች ይናበባሉ፤ አንዱ ሌላውን ሳይውጠው አንድ ነገር ያመለክታሉ። የሆስፒታል የታካሚ ማኅደርና የሚኒስቴሩ የመረጃ ቋት እንዲኖራቸው የሚፈለገውም እንዲህ ያለ ግንኙነት ነው። የሙያው ሰዎች ‹‹ሲስተሞቹ አይናበቡም›› ሲሉ እንሰማቸዋለን፤ እነርሱ እንደሚሉት ይመዝገብ።