«እቅጩን ንገሪኝ» ሲሉን

በእኛ በሞጣ ሰው ወሬው ሲረዝምበት «ተወው እሱን፤ እቅጩን ንገረኝ» ይላል። እቅጭ ሳይጨምሩ፣ ሳይቀንሱና ሳያሽሞነሙኑ ነገሩን እንዳለ ማስቀመጥ ነው። ቁጣም ማባበልም የለበትም። «ፍርጥ አድርጎ ተናገረ» ሲባል ግን ይለያል። እብጠት እንደሚፈርጠው ሁሉ ታምቆ የቆየው ሲወጣ ንዴቱም አብሮ ይፈስሳል። አፍ እንዳመጣ መናገርማ ጭራሽ ሌላ ነው። ሰዎች ሦስቱን ስለሚያደባልቁ እቅጩን የሚናገረውን ደፋር ይሉታል። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ካሳን «ጉዱ ካሳ» ያሰኘው ምን ሆነና!

የቅኔ አገር ሰዎች ነን፤ ሰሙን ገልጦ ወርቁን ማግኘት ያስደስተናል። ሕመም ላይ ግን ወርቅ ፍለጋ ጊዜ ያባክናል። በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት «ልጁን ስንት ጊዜ አስቀመጠው?» ስል ብዙ ጊዜ የማገኘው መልስ «ኧረ ተይኝ፣ አለቀብኝ እኮ!» የሚል ነበር። እቅጩ «ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ስድስት ጊዜ፤ ዛሬ ሽንት አልሸናም፤ ጡትም እምቢ ብሏል» ነው። አንጀት የሌለው ሰው ንግግር ይመስላል፤ ነገር ግን ልጁ ምን ያህል ፈሳሽ እንዳጣ የሚያሳየን እሱ ነው። እናት ብታለቅስ አልፈርድባትም። አያት አብረው ከመጡ ግን ይህን እሳቸው ይቁጠሩልን።

ለልጅም እንዲሁ ነው። «መርፌው አያምም» የተባለ ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ነጭ ጋውን ገና ከሩቅ ሲያይ ይጮኻል። «ትንሽ ያምሃል፤ አምስት እስክንቆጥር ያልቃል፤ እኔ እይዝሃለሁ» ማለት ይሻላል።

ከባዱ የአዛውንቶች ጉዳይ ነው። ልጆቻቸው ወደ ጥግ ይጠሩንና «ለእሳቸው እንዳትነግሪያቸው፣ ይደነግጣሉ» ይሉናል። ከፍቅር ነው፤ ይገባኛል። ግን ደም ግፊት ያለባቸውን እናት «ትንሽ ድካም ነው» ካልናቸው፣ ሻል ሲላቸው ክኒኑን ለምን ይውጣሉ? ግፊት ሳያሳምም ውስጥ ውስጡን ኩላሊትና ልብ ይጎዳል፤ ጭንቅላት ውስጥም ደም ሊያፈስስ ይችላል። እኔ መጀመሪያ ራሳቸውን «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ልንገርዎ?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ «ለልጄ ንገሪው» ይላል፤ ያም መልስ ነው።

እቅጩን መናገር የፈረንጅ ነገር ነው የሚሉ አሉ። መርዶን እንመልከት። ሊነጋጋ ሲል ዘመድ ተሰብስቦ ይሄዳል፤ የሚደግፍ ሰው አጠገብ ይቆማል፤ ከዚያ ይነገራል። ሰዓቱና ሰዉ ይመረጣል እንጂ ሞተ የተባለው አልሞተም አይባልም። ከባድ ሕመምም በዚህ ወግ ሊነገር ይችላል። መርዶ ላይ የምንረሳቸው ሕፃናቱን ነው፤ «አያትህ ተኝተዋል» እንላቸዋለን፤ ከዚያ በኋላ መተኛት የሚፈራ ልጅ ይኖራል። ጭን ላይ አስቀምጦ «አያትህ ሞተዋል፤ ከእንግዲህ አይመጡም፤ እኛ ግን አለን» ማለት ይቻላል። ደግሞ ይጠይቃል፤ ደግመን እንነግረዋለን።