የጣና ዓሣ ለምን ተመናመነ?

በጾም ወራት ፒያሳ ጎራ ብለው ዓሣ ጥብስ ወይም ዓሣ ጉላሽ ሲያዙ፣ ዓሣው ከየት እንደመጣ ጠይቀው ያውቃሉ? ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አሊያም ከጣና ሊሆን ይችላል። የጣናው ታሪክ ግን ያሳስባል።

ጣና ላይ ለዘመናት ዓሣ በማጥመድ የሚታወቁት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባላት ናቸው። ከደንገል በሠሯት ታንኳ ከሐይቁ ዳር ብዙም ሳይርቁ ያጠምዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 ግን የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ገባ።

በጣና ሌላ ቦታ የማይገኙ ከ10 በላይ የባርበስ ዝርያዎች አሉ። ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት፣ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት የእነዚህ ዓሦች ብዛት በ75 በመቶ ገደማ ቀንሷል።

ምክንያቱ ምንድን ነው? አብዛኞቹ ዝርያዎች ክረምቱ ሲገባደድ እንቁላል ለመጣል እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ። መረቡም የሚዘረጋው እዚያው፣ ወንዙ ከሐይቁ በሚገናኝበት አፍ ላይ ነው። የሚያዙት ገና ያልወለዱ እናቶች ናቸው። በወንዞቹ ውስጥ ደግሞ የተፈጨ የብርብራ ፍሬ በትኖ ዓሣ የማደንዘዝ የቆየ ልማድ አለ።

እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ እንቦጭ ተጨመረበት። አረሙ የሚወረው የሐይቁን ዳር ነው፤ ቆሮሶ የሚራባበትን፣ ደንገል የሚበቅልበትን፣ ታንኳ የሚቀዘፍበትን።

የዓሣ ሀብት አዋጅ በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል። ሕጉ ውጤት የሚኖረው ግን በእንቁላል ወቅት የወንዞቹ አፍ ከመረብ ነፃ ሲሆን ነው። ዘሩን የበላ ገበሬ በመኸር ምን ያጭዳል?