«መጠነ ተለዋዋጭ ቬክተር ሥዕል» ስለሚለው ስያሜ

በኮምፒዩተር ሙያ ሥዕል በሁለት መንገድ ይቀመጣል። አንደኛው በነጥቦች ድርድር ነው፤ ሥዕሉ ሲተልቅ ነጥቦቹ አብረው ይተልቁና ጠርዙ ይሻክራል። ሁለተኛው በቬክተር ነው፤ የሚቀመጠው የመሥመሮችና የቅርጾች መግለጫ ስለሆነ፣ መጠኑ በተለወጠ ቁጥር ኮምፒዩተሩ ሥዕሉን እንደገና ይሥለዋል።

ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2001 የድረ ገጽ ሥዕል ደረጃ ሆኖ ለጸደቀው ኤስቪጂ «ተለጣጭ ሥዕል» የሚለው አቻ ፍቹን ያዛባል፤ የሚለጠጠው በነጥብ የተሠራው ነውና። «መጠነ ተለዋዋጭ ቬክተር ሥዕል» የተሻለ ይሆናል።

ጉዳዩ ተርጓሚንም ይመለከታል። በኤስቪጂ ውስጥ ጽሑፍ እንደ ጽሑፍ ከተቀመጠ ሊፈለግ፣ ሊታረምና ሊተረጐም ይችላል። ፊደሎቹ ወደ መሥመር ከተለወጡ ግን «ሀ» ቅርጽ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለሆነም ተርጓሚው ከለውጡ በፊት የነበረውን ቅጂ ሊጠይቅ ይገባዋል።