በክፍል ጓደኛው የተጎዳ ልጅ፦ ናይሮቢ ለሚኖሩ ወላጆች

አንድ ልጅ በትምህርት ቤት በክፍል ጓደኛው ተገፍቶ ወይም ተመትቶ ሲጎዳ፣ ጥፋተኛው ከመጠየቁ በፊት የተጎዳው ልጅ መታየት አለበት፤ በተለይ ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ያልተለመደ እንቅልፍ ከተጫነው ወይም ንግግሩ ከተዘበራረቀ፣ ቁስል ባይታይበትም እንኳ ወዲያውኑ ሆስፒታል መድረስ ይኖርበታል።

ጉዳዩ ለፖሊስ ከቀረበ በክስተት መዝገብ ይሰፍራል፤ ሐኪምም የጉዳቱን ዓይነትና ክብደት ፒ3 በተባለው የፖሊስ የሕክምና ቅጽ ላይ ይሞላል። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የኬንያ የሕፃናት ሕግ የወንጀል ተጠያቂነት መነሻ ዕድሜን ከ8 ወደ 12 ዓመት ከፍ ያደረገ ከመሆኑም በላይ፣ ከ14 ዓመት በታች ያለ ልጅ ተቃራኒው በማስረጃ ካልተረጋገጠ በቀር ክፉና ደጉን እንደማይለይ ይገምታል። በመሆኑም በትንንሽ ተማሪዎች መካከል የሚደርስ ጉዳት ይበልጥ የሚያነሣው የትምህርት ቤቱን የጥበቃ ግዴታ፣ ማለትም ጠንቃቃ ወላጅ ለልጁ የሚያደርገውን ያህል ጥንቃቄ የማድረግ ኃላፊነት ነው፤ ወላጅም በሰዓቱ ተቆጣጣሪው ማን እንደነበረና ምን የመጀመሪያ እርዳታ እንደተሰጠ በጽሑፍ መጠየቅ ይገባዋል። የመታው ልጅ ይገረፍ ብሎ መጠየቅ ግን አይቻልም፤ እ.ኤ.አ. የ2013 የመሠረታዊ ትምህርት ሕግ አካላዊ ቅጣትን ከልክሏል።

በኢስሊና በሌሎች ሰፈሮች በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ዘንድ፣ እንግሊዝኛና ስዋሂሊ የለመደው ልጅ ለወላጁ ሲያስተረጉም ይታያል፤ በራሱ ጉዳት ላይ ግን ልጁ አስተርጓሚ ሊሆን ፈጽሞ አይገባም፤ ሕመሙንም ፍርሃቱንም አሳንሶ ሊናገር ይችላልና፣ የቤተሰቡ አመኔታ ያለው ሌላ አዋቂ ሰው አብሮ ይቅረብ።